በወንድ የተጻፈ ጥያቄ

ልጄን ያረገዝኩት ሁለት ጽንስ ከወረደብኝ በኋላ ነው። በዚህኛውም አምስተኛው ወር ላይ ደም ሲታየኝ ሐኪሟ፣ “ከአልጋሽ እንዳትወርጂ፤ ከባድ ነገር እንዳታነሺ፤ ድንጋጤም ይቅርብሽ” አለችኝ። ባለቤቴ በላይነህ ይህን ቃል እንደ ግዝት ያዘው። ሐረር፣ ከኤረር በር ትንሽ ገባ ብሎ ባለው የኪራይ ቤታችን፣ አልጋዬን ግቢው ወደሚታይበት መስኮት አስጠግቶ አስተኛኝ። እሱ ወደሚያስተምርበት የቴክኒክ ኮሌጅ ሲሄድ፣ አከራያችን አዴ ፋጡማ እየገቡ ያዩኝ ነበር። አዴ የምንላቸው ለአክብሮት ነው፤ ለእኔ ግን እንደ ሥጋ ዘመድ ነበሩ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት የአንድ ድርጅት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ድርጅቱ ሲዘጋ ቤት ቀረሁ። ተኝቼ የምሠራው ነገር ስፈልግ አንዲት የድሮ ባልደረባዬ መላሽነትን አሳየችኝ።

ሥራውን ለማታውቁ ላስረዳ። አንድ ሰው ያሳሰበውን ነገር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ አንድ ቁጥር ይልካል። መልእክቱ በየቤታችን ስልክ ይዘን ከተቀመጥን መላሾች ወደ አንዳችን ይመጣል። ጠያቂው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ስልክ ቁጥሩም አይታየንም። እሱም እኛን አያውቀንም። መልሱ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ መሄድ አለበት፤ ጠያቂውም መልሱን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ሰጥቶ ይመዝነዋል። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር፦ ጠያቂን መልሶ መጠየቅ አይፈቀድም። “የመጣውን መልሱ፤ ምርመራ አታብዙ” ይሉናል። ሥራችንን ለማንም እንዳናወራም ፈርመናል። እኔ የነገርኩት ለበላይነህ ብቻ ነው።

የማይመጣ ጥያቄ አልነበረም። የጅግጅጋ መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል? ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ረክሷል ወይ? ልጅ ጥርስ ሲያወጣ ያተኩሰዋል? አንዳንዱ ጠያቂ ብቸኛ መሆኑ ከአጻጻፉ ይታወቅ ነበር፤ “ደህና ዋላችሁ?” ብሎ ብቻ የሚልክም ነበረ። እየቆየ አሠሪዎቻችን መልሶቼ ለዛ አላቸው ብለው የቤተሰብና የኑሮ ጥያቄ ወደ እኔ ማዞር ጀመሩ። የባልና ሚስት ጠብ፣ የውርስ ክርክር፣ የልጅ አልታዘዝ ባይነት። አልደብቃችሁም፣ ኮርቼ ነበር። ከአልጋዋ መውረድ ያልተፈቀደላት ሴት፣ ለማታየው ሰው ሁሉ መንገድ መሪ ሆና ነበር።

እናቴ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ታናሽ ወንድሜ ሳሙኤል ዘንድ ነበረች። ሐረር ተወልዳ፣ ሐረር አግብታ፣ አባቴንም እዚሁ የቀበረች ሴት ናት። ስኳሯ ሲበረታባት ሳሚ፣ “እኔ ጋ ትሁን፤ አንቺ ራስሽን አስታሚ” ብሎ ወሰዳት። በየሁለት ቀኑ በስልክ እናወራ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ጉንፋን ይዟታል፣ ድምጿ ተዘግቷል ተባልኩና ሳላገኛት ቀረሁ። አመንኩ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ስልኬ ነዘረ። እንዲህ ይላል፦

“አንድ የታመመ የቤተሰብ አባል አለን። ሐኪም ከአልጋ እንዳይወርድና እንዳይደነግጥ አዞታል። አሁን እናቱ ሌላ ከተማ በጠና ታማለች፤ ልጄን ጥሩልኝ ትላለች። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። እንንገረው ወይስ እንተወው? እባካችሁ ቶሎ።”

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዓይነ ኅሊናዬ አንድ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ልቡን የሚያመው፣ ትራስ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው መጣብኝ። ሕመሙ ምንድን ነው? ከተማው ምን ያህል ይርቃል? ሐኪሙን ጠየቃችሁት? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጣቴ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ሕጉን አስታወስኩና ተውኳቸው። ስድስት ደቂቃ ቀርቶኛል።

እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ “የሐኪም ትእዛዝ ይቀድማል። ለምትሄደው ሲባል የሚቀረውን አደጋ ላይ መጣል አይገባም። እናት ልጇ እንዲድንላት እንጂ እንዲጎዳባት አትፈልግም፤ ብታውቅ እሷው ራሷ ትከለክላችሁ ነበር። አትንገሩት።”

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ወደድኳት። እንደገና አነበብኳትና ላክሁት።

ወዲያው ሌላ መልእክት መጣ። “ደውሎ እናቴስ ቢልስ?”

“ተኝታለች በሉት” አልኩ። “እንቅልፍ ማንንም አያስደነግጥም።”

ጠያቂው አምስት ኮከብ ሰጠኝ። ከሥሩም “እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ከጭንቅ ገላገላችሁን” ብሎ ጻፈ።

ከምሳ በኋላ እናቴ ናፈቀችኝ። ያ ጥያቄ ሆዴን አባብቶት ይሆናል። ለሳሚ ደወልኩ።

“ሳሚ፣ እማዬ እንዴት ዋለች?”

“ተኝታለች።”

“በዚህ ሰዓት?”

“መድኃኒቱ ነው። ስትነቃ አስደውልልሻለሁ።”

“ድምጿን ከሰማሁ ስንት ቀኔ! ስልኩን አፏ አጠገብ አድርግልኝ፤ ትንፋሿን እንኳ ልስማ።”

“እቴቴ፣ በናትሽ አትቀስቅሻት” አለኝ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። “እኔንም ጉንፋኑ ይዞኛል” ብሎ ዘጋው።

አሁን ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እንዴት አልጠረጠርሽም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አንድ ነገር ቆንጠጥ አድርጎኝ ነበር። ግን ጥያቄው “እሱ” ነው የሚለው። የታመመው ወንድ ነው። እኔ ደግሞ እርጉዝ እንጂ ታማሚ አልነበርኩም፤ ራሴን በታማሚነት አስቤ አላውቅም። ከዚያም በኋላ ስለ ቤት ኪራይ ውል፣ ስለ ሠርግ ጥሪ ወረቀት አጻጻፍ፣ ስለ አንዲት ላም የጡት እብጠት ስመልስ ዋልኩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ገና ከመንጋቱ፣ የበላይነህ ስልክ ጮኸ። ይዞት ወደ ግቢ ወጣ። ሲመለስ ዐይኑ ቀልቷል።

“ማን ነው?” አልኩት።

“የሥራ ባልደረባ። እናት ሞታባት… ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።”

“ወይኔ! ነፍስ ይማር። ምን ለብሰህ ልትሄድ ነው?”

ክፍሉ መሀል እንደ እንግዳ ቆሟል። ከተኛሁበት ሆኜ፣ “ሣጥኑ ውስጥ ከታች እማዬ ለሠርጋችን የፈተለችልህ ጋቢ አለ፤ እሱን ልበስ” አልኩት። አጎንብሶ አወጣው። አወጣውና ፊቱን ቀበረበት፤ ብዙ ቆየ።

“ምነው?”

“ታጥፎ ከርሞ… ሸተተኝ።”

“ለልጅቷ እግዚአብሔር ያጥናሽ ብላሻለች በልልኝ።”

“እላታለሁ” አለ፤ ወደ እኔ ሳያይ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ያ ጠያቂ ተመለሰ። ጠያቂ በመልስ ከረካ ተከታይ ጥያቄው ወደዚያው መላሽ ነው የሚመጣው።

“እናትየዋ ንጋት ላይ ዐረፈች። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የታመመው ልጇ አልሰማም። አሁን እንንገረው ወይስ ከቀብር በኋላ? እንዴት ነው የሚነገረው?”

ዘጠኝ ሰዓት የሚለው አልገረመኝም። በአገራችን የስንቱ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት አይደለም? ያን ሰው ግን አዘንኩለት፤ ዐሥሩን ደቂቃ አሟጥጬ ነው የጻፍኩት።

“ቀብሩ ይለፍ። አፈር ስትለብስ አይቶ ከመውደቅ ይሻለዋል። በሠልስቱ ጠዋት ንገሩት። ጥቁር ለብሳችሁ አትግቡ፤ ከሦስት ሰው አትብለጡ። በባዶ ሆዱ አይሁን፤ መጀመሪያ ትኩስ ነገር ይቅመስ። የሚወደው ሰው ቀኝ እጁን ይያዘው። ታማለች እያላችሁ አታንገላቱት፤ በአንድ ትንፋሽ ንገሩት። ከዚያም፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ስምህን እየጠራች ስትመርቅህ ነበር፤ በሰላም ነው ያንቀላፋችው በሉት። ይህ ያጽናናዋል።”

ሴትየዋ ስትሞት ምን እንዳለች እኔ በምን አውቄ? አላውቅም። የሚያጽናና መሰለኝና ጻፍኩት።

አባቴ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ደወሉ ተሰማኝ። አዴ ፋጡማ ከግቢ እየሮጡ ገብተው መስኮቱን ዘጉ።

“ምነው አዴ? ሙቀት ነው እኮ።”

“ነፋስ አለ፤ ያምሻል” አሉኝና ከአልጋዬ ግርጌ ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ ጣቶቻቸው ግን አይንቀሳቀሱም። እኔ በተዘጋው መስኮት በኩል ደወሉን እያዳመጥኩ አማተብኩ። ማንም ብትሆኚ ነፍስሽን ይማረው አልኩ። ያንንም ልጇን አሰብኩት፤ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው አልጋ ላይ ሆኖ ምንም ሳያውቅ ተኝቶ ይሆን እያልኩ።

ዓርብ ጠዋት አዴ ፋጡማ አጥሚት ይዘው ገቡ።

“ቢስሚላህ በይና ቅመሽ።”

“ገና ነኝ አዴ፤ አልራበኝም።”

“ግዴለም ልጄ፤ ትኩስ ነገር ቅመሽ።” ጽዋውን ሲያቀብሉኝ አንሶላው ላይ ፈሰሰባቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱት። ግማሹን ጠጣሁላቸው።

በላይነህ ሥራ አልሄደም። በሩን ገፋ አድርጎ ገባ፤ ከኋላው ሳሚ ተከተለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

“ሳሚ! ምነው ሳትነግረኝ? እማዬን ከማን ጋር ትተሃት መጣህ?”

ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከሱቅ የወጣበት እጥፋት እንኳ አልለቀቀውም። ጢሙ አድጓል፤ ዐይኑ አብጧል። ከዚያ በላይነህ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ቀኝ እጄንም በሁለት እጁ ያዘው።

ሦስት ሰዎች። ጥቁር የለበሰ የለም። አጥሚቱ አፌ ውስጥ ገና ይሞቃል።

ሳሚ አፉን ከመክፈቱ በፊት አወቅኩ። ያወቅኩትም የእናቴን መሞት ብቻ አልነበረም።

“አትናገር” አልኩት። “ሳሚ፣ በእግዚአብሔር፣ እንዳትናገረው።”

“እቴቴ፣ እማዬ ዐረፈች” አለ፤ በአንድ ትንፋሽ። ቀጠለ፤ የተጠና ነገር የሚያስታውስ ተማሪ ይመስል ነበር። “እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ስምሽን እየጠራች ስትመርቅሽ ነበር፤ በሰላም ነው ያንቀላፋችው።”

ቃል በቃል። “ስምህን” “ስምሽን” ከመሆኑ በቀር ምንም አልተለወጠም።

አልጮህኩም። ደረቴን አልመታሁም። ሰው በሌላ ሰው ቃል ነው የሚያለቅሰው መሰለኝ፤ እኔ የሰማሁት የራሴን ነበር። እነሱ ዝምታዬን እንደ መልካም ነገር ቆጠሩት። አዴ ፋጡማ፣ “ሰብር አደረገች፤ ቻለችው፤ አልሐምዱሊላህ። አላህ ይርሐማት” እያሉ ዐይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ሳሚ ግን አልቻለም፤ አልጋው ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

“ይቅር በይኝ” አለኝ። “አክስታችን እትዬ አስካለ ማክሰኞ ጠዋት ንገሯት፣ ትምጣ ብለው ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ብቻዬን አልወሰንኩም እቴቴ፤ አዋቂዎች ጠይቄ ነው።”

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። “ስማችን እንዳይታወቅ ብዬ በወንድ ጻፍኩት። እዪ፣ እንዴት አድርገው እንደመለሱልኝ። እናት ብታውቅ እሷው ራሷ ትከለክላችሁ ነበር ሲሉኝ ነው ልቤ ያረፈው።”

ወሰድኩና አነበብኩት። እኔ ስልክ ላይ በግራ በኩል የነበረው እሱ ስልክ ላይ በቀኝ ነው። የወደድኳት ዐረፍተ ነገር እዚያው ነበረች።

“የት ቀበራችኋት?”

“አባዬ አጠገብ።”

“ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት?”

በላይነህ እጄን ሳይለቅ አቀረቀረ።

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። መላሿ እኔ ነኝ ልለው። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ሦስት ቀን ሙሉ እናቱን አስታሞ፣ ገንዞ፣ ከድሬዳዋ ተራራውን አስወጥቶ የቀበረ ልጅ ነው። ያቺ መልስ ብቻ ነበረች የያዘችው። አፌን ዘጋሁና ስልኩን መለስኩለት። “ጥሩ መክረውሃል” አልኩት።

እትዬ አስካለ ለአርባዋ መጡ። ለብቻችን ስንሆን፣ “እውነቱን ይንገሩኝ፤ እማዬ ምን ብላ ሞተች? መርቃኝ ነበር?” አልኳቸው።

“ምርቃት?” አሉ ግራ ገብቷቸው። ስለ መልሱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። “አዬ ልጄ፣ ምን አቅም አላት። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ‘መጣች?’ ትል ነበር። ማክሰኞን እንዲሁ ዋለች። እኔም እየመጣች ነው፣ መንገድ ላይ ናት እላታለሁ። ወደ ማምሻው መጠየቁን ተወችው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።”

መንገድ ላይ አልነበርኩም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስለ አንዲት ላም ጡት እየጻፍኩ ነበር።

ልጄ በጊዜዋ፣ በሰላም ተወለደች። ሁሉም የዚያን መልስ ትክክለኛነት በእሷ ለካው። ሳሚ ታቅፏት፣ “አየሽ? ምክሩን ሰምተን ባንታገሥ ኖሮ ይህቺ አትኖርም ነበር” አለኝ። እኔም ይህንኑ ለማመን ብዙ ጣርኩ። አምኜው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ከሆስፒታል ልወጣ ስል ሐኪሟን ጠየቅኋት።

“ያኔ እናቴ ስታጣጥር ድሬዳዋ ብሄድ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?”

“ስንተኛ ወርሽ ነበር?”

“ሰባተኛ።”

መዝገቤን ገልጣ አየች። “ከዚያ በፊት ደሙ ቆሟል፤ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ነበር። በጎንሽ አስተኝተው ቀስ እያሉ ቢወስዱሽ ኖሮ ምንም አልነበረም። እኔም ነርስ አስከትዬ እልክሽ ነበር።” ቀና ብላ አየችኝ። “ግን ማንም አልጠየቀኝም።”

ድሬዳዋ እኮ በመኪና አንድ ሰዓት ከትንሽ ናት።

ወደ ሥራው አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። አንዲት እናት ለሚያስለው ልጇ የትኛውን ሽሮፕ ልስጠው ብላ ጻፈች። ዕድሜው ስንት ነው? ከጀመረው ስንት ቀኑ ነው? ሌላ መድኃኒት ይወስዳል? ብዬ ጠየቅኋት። ሁለተኛዋን ሳትመልስልኝ ከሥራው አሰናበቱኝ። አልተከራከርኩም።

ከእናንተ የምፈልገው ማጽናኛ አይደለም፤ እንዲያውም ባትሰጡኝ እወዳለሁ። የሚያጽናና ነገር እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ስሠራው ነበር። ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ ስለ ሟች ደግ ነገር የሚነግረኝን ሰው እያዳመጥኩ፣ ይህንን ማን ጻፈልህ ብዬ የማስብ ሴት ሆኛለሁ። የእናቴን መቃብር ስሳለም እንኳ እንደ ሰው አላለቅስም። ባለቤቴ ጠንካራ ናት ይላል። ይበል።

ሌሎቹም ይመጡብኛል። በዚያ ዓመት ፍቺው፣ ታገሺ፣ ሽጠው፣ አትንገሩት ያልኳቸው ሰዎች። መልሴን ተቀብለው ኮከባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ከእነዚያ ሁሉ ውስጥ መልሱ የት እንደደረሰ የማውቀው የአንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ያወቅኩት ቤቴ ስለመጣ ነው። የቀሩት በየማን ቤት እንደገቡ እግዚአብሔር ይወቅ።

በላይነህ ያደረገው ለእኔ ብሎ ነው። አዴ ፋጡማም መስኮቱን የዘጉት ለእኔ ብለው ነው። ሳሚ የጠየቀው ስለሚወደኝ ነው፤ እኔም የመለስኩት ለማላውቀው ሰው አዝኜ ነው። ከመካከላችን አንድ ክፉ ሰው ቢገኝ ኖሮ እሱን ረግሜ ባረፍኩ ነበር።